ክፍሉ ሙሉ ነው፤ እኔ ግን ብቻዬን አወራለሁ

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የሂሳብ አያያዝ መምህርት ነኝ። ለዓመታት ያስተማርኩት ክፍል ውስጥ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ነው። ተማሪ ግር ሲለው ፊቱን አይቼ አውቅ ነበር። ትምህርቱ ሲያልቅ በር ላይ ከበውኝ የሚጠይቁኝ ነበሩ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን ኮርሱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ሆኗል።

አሁን 38 ተማሪዎች አሉኝ። በሳምንት አንድ ቀን በዙም እንገናኛለን። የማየው 38 ጥቁር ሳጥን ነው። «ገባችሁ?» እላለሁ፤ ዝም። «ጥያቄ ያለው?» እላለሁ፤ ዝም። አንዳንዴ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ብቻዬን እያወራሁ ይሆን እንዴ ብዬ እደነግጣለሁ። የውይይት መድረኩ ላይ ጥያቄ ስለጥፍ የመጀመሪያው ተማሪ መልሱን ይጽፋል። የቀሩት «እስማማለሁ»፣ «ጥሩ ሐሳብ ነው» ብለው ነጥባቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ችላ ብዬ እንዳይመስልዎ። ቪዲዮዎቼ እያንዳንዳቸው 50 ደቂቃ ያህል ናቸው፤ አንድ ቃል ከተሳሳትኩ እንደገና እቀርጻለሁ። መድረኩ ላይ ተማሪ ከጻፈ ለእያንዳንዱ ወዲያው እመልሳለሁ። እኩለ ሌሊት ስልኬ ሲጮህም ተነስቼ እመልሳለሁ። ባለቤቴ «ቤት ሆነሽም የለሽም» ይለኛል። እውነቱን ነው።

ባለፈው ወር ሁለት ነገር ሆነ። አንደኛ፣ ተማሪዎቼ እኔ የሌለሁበት የቴሌግራም ግሩፕ እንዳላቸው አወቅሁ። አንዷ በስህተት ስክሪንሾት ላከችልኝ። «ይቺ አስተማሪ በሕይወት አለች ወይስ ቪዲዮ ብቻ ናት?» ይላል፤ ሥሩ ሃያ ምናምን ሰው ስቋል። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ደግሞ የሚገርመው፣ እኔ ጋ አንድም ቃል የማይተነፍሱ ልጆች እዚያ ሲጠያየቁና ሲረዳዱ አየሁ።

ሁለተኛ፣ አንድ ተማሪ ትምህርቱን አቋረጠ። መውጣቱን ያወቅሁት ከሬጅስትራር በመጣ ዝርዝር ነው። ለምን እንደወጣ ብጠይቀው «ብወጣም የሚያስተውል ያለ አልመሰለኝም» ብሎ መለሰልኝ።

አሁን ካሜራ ያላበራ ነጥብ ይቀነስበታል ልል ነው። ግሩፑም ውስጥ አስገቡኝ ልላቸው አስቤያለሁ። ወይስ ኦንላይን ማስተማር ለእኔ አልተፈጠረም ብዬ ልተወው? ምን ይሉኛል?

ድምፄ የማይሰማው መምህርት


መልስ፦

ውድ እህቴ፣

አንቺ ብልሽ ቅር እንደማይልሽ አምናለሁ። ደብዳቤሽን ሳነብ እንደ ታናሽ እህቴ ነው ያየሁሽ።

ከስክሪንሾቱ ልጀምር፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና። ለተማሪ ብሎ ሌሊት የሚነሳ ሰው «በሕይወት አለች ወይ?» ሲባል ማመሙ አይቀርም። ያውም እየተሳቀ። ግን ስሜትሽ በረድ ሲልልሽ አባባሉን እንደገና እይው። ማስተማር አትችልም አላሉም። ክፉ ናት፣ ታዳላለች አላሉም። ያሉት «አናያትም» ነው። አንቺም ለእኔ የጻፍሽው ይህንኑ ነው፤ አላያቸውም እያልሽኝ ነው። አንቺና እነሱ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዛችሁ በየፊናችሁ ተቀምጣችኋል።

የልጁ ነገር ግን ይበልጥ ከብዶኛል። ስለ ግሩፑ ብዙ ጽፈሽ ስለ እሱ ትንሽ ብቻ ነው ያልሽው። ምናልባት የበለጠ የነካሽ እሱ ስለሆነ ይሆን? «የሚያስተውል ያለ አልመሰለኝም» ሲልሽ ምን ብለሽ እንደመለስሽለትም አልነገርሽኝም። ካልመለስሽለት ዛሬውኑ ጻፊለት። ይቅርታ እየደጋገምሽ ረጅም ደብዳቤ አትጻፊ፤ አንቺን ማጽናናት የእሱ ሥራ ይሆንበታል። መጀመሪያ የሠራቸውን አሳይመንቶች ከፍተሽ እያቸው። ከዚያ ለምሳሌ እንዲህ በዪው፦

«መልእክትህን ካነበብኩ ጀምሮ ከሐሳቤ አልወጣህም። በሦስተኛው ሳምንት የሠራኸውን ደግሜ አየሁት፤ የባንክ ማስታረቂያውን በደንብ ነበር የሠራኸው። መመለስ ብትፈልግ ምን እንደሚያስፈልግ ጠይቄ እነግርሃለሁ። ባትፈልግም የትኛው ጋ እንደከበደህ ብትነግረኝ ለቀሩት ይጠቅማቸዋል።»

ባንክ ማስታረቂያ ያልኩት ለምሳሌ ነው። አንቺ ከሥራው ውስጥ በእውነት ያየሽውን ጻፊ። ላይመለስ ይችላል። ላይመልስልሽም ይችላል። ቢሆንም ሊነገረው ይገባል።

ቪንሰንት ቲንቶ የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ትምህርት ማቋረጥ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ተማሪ የሚወጣው ትምህርቱ ስለከበደው ብቻ እንዳልሆነ ጠቁመው ነበር። ከትምህርቱም ከሰዎቹም ጋር ትስስር ካልፈጠረ የመውጣት ዕድሉ ይጨምራል። ይህን የጻፉት ሰው ለሰው ፊት ለፊት ይተያይ ስለነበረበት ግቢ ነው። በስክሪን ሲሆን ደግሞ መጥፋት ምን ያህል እንደሚቀል አስቢው። በር ተከፍቶ ሲዘጋ አይሰማም። ባዶ ወንበር አይታይም።

ስለዚህ ያንን ባዶ ወንበር ራስሽ መፈለግ አለብሽ። የምትጠቀሙበት የትምህርት ሲስተም ማን መቼ እንደገባ ሳይመዘግብ አይቀርም። በየሳምንቱ አንድ ቀን ወስነሽ እሱን ክፈቺ። ሳምንት ሙሉ ያልገባ ካለ አንድ መስመር ላኪለት፤ «በዚህ ሳምንት አላየሁህም፤ ደህና ነህ?» በቃ። ነጥብ አትጥቀሺ፣ ማስጠንቀቂያም አታስመስዪው። ከዚህ ሌላ በየሳምንቱ አምስት ተማሪ መርጠሽ ለእያንዳንዳቸው ስለ ሥራቸው ሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፊ። ጎበዞቹንም ሰነፎቹንም፣ በተለይ ደግሞ መሃል ላይ ያሉትንና ስማቸው የማይነሳውን። በስምንት ሳምንት 38ቱንም ታዳርሻለሽ። ሌሊት ተነስተሽ ከምትመልሺው ሁሉ ይህ የበለጠ እንደሚሠራ አምናለሁ።

አሁን ወደ አንቺ ድካም ልምጣ። እንዲህ እየለፋሽ እንዴት የለችም ትባያለሽ?

በካናዳ አልበርታ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሦስት ምሁራን፣ ራንዲ ጋሪሰን፣ ቴሪ አንደርሰንና ዋልተር አርቸር፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣ ጽሑፋቸው ስለዚህ የሚረዳ ነገር ብለዋል። በኦንላይን ትምህርት ሦስት ዓይነት መገኘት ያስፈልጋል ይላሉ። አንዱ የሐሳብ ነው፤ ተማሪው እያሰበ፣ እየጠየቀ፣ ትርጉም እየፈጠረ መገኘቱ። ሌላው ማኅበራዊ ነው፤ ሰዎቹ እንደ እውነተኛ ሰው እርስ በርስ መተያየታቸው። ሦስተኛው የማስተማር መገኘት ነው። እሱም ትምህርቱን ማዘጋጀትን፣ በቀጥታ ማስረዳትንና ውይይቱን መምራትን ይይዛል።

አንቺ በማዘጋጀቱና በማስረዳቱ በኩል ጎበዝ እንደሆንሽ ከደብዳቤሽ ይታያል። የጎደለው ማኅበራዊው ይመስለኛል፤ ከሱ ጋር ደግሞ ውይይቱን መምራት። እንግዲህ ድካምሽ ሁሉ የገባው ቀድሞም ሙሉ በነበረው በኩል ነው። ቪዲዮውን እንደገና ብትቀርጪው፣ አሁንም ብታሳምሪው፣ የጎደለው በዚያ አይሞላም።

ለእያንዳንዱ ፖስት ወዲያው መመለስሽን እናንሳ። ይህ ከደግነት የመጣ ነው፤ ግን ውይይቱን እየዘጋብሽ ሊሆን ይችላል። በአውስትራሊያ ስዊንበርን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ፈለክ ኮርስ በኦንላይን ይሰጥ ነበር። ማርጋሬት ማዞሊኒና ሳራ ማዲሰን በዚያ የነበሩ የውይይት መድረኮችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2003 ውጤቱን አሳትመዋል። አስተማሪው አብዝቶ ሲጽፍ ተማሪዎቹ አብዝተው አልጻፉም። እንዲያውም ውይይቶቹ በአማካይ አጠር ይሉ ነበር። በሌላ በኩል ተማሪዎቹ ብዙ የሚጽፈውን አስተማሪ የበለጠ ትጉህና ዐዋቂ አድርገው ያዩት ነበር። ስለዚህ ጥፊ ማለቴ አይደለም። ቀድመሽ አትግቢ ነው የምልሽ። በስብሰባ ላይ አለቃው ቀድሞ ሐሳቡን ከሰጠ ሌላው ምን ይጨምራል?

ጥያቄ ለጥፈሽ ሁለት ቀን ዝም በይ። ትክክል ያልሆነ መልስ ብታዪም ጣትሽን ያዢ፤ ሌላ ተማሪ እንዲያርመው ጊዜ ስጪ። ከዚያ ግቢና የሁለት ተማሪ ሐሳብ አገናኚ፤ «አንተ ያልከውና እሷ ያለችው ይጋጫል። የቀራችሁ የቱን ትደግፋላችሁ? ለምን?» ብለሽ። በሳምንቱ መጨረሻ ማን ምን እንዳነሳ በስም እየጠራሽ ጠቅልዪው። ተማሪ ስሙ በመልካም ሲነሳ ደስ ይለዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ይጽፋል።

እዚህ ላይ ሌላም ነገር አለ። «እስማማለሁ» የሚሉት ሰነፎች ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም። አንድ ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ከጠየቅሽ የመጀመሪያው ከመለሰ በኋላ የሚወያዩበት ነገር አልቋል። 37 ሰው ምን ይበል? የአንቺ ትምህርት ደግሞ የሚያከራክር ነገር ሞልቶታል። ለምሳሌ አንድ ድርጅት ለአሮጌ ማሽኑ አዲስ ሞተር ገጠመለት በዪ። ይህ የጥገና ወጪ ነው ወይስ በማሽኑ ዋጋ ላይ ይደመራል? የማሽኑን ዕድሜ ቢያራዝምስ? የተበላሸውን ብቻ ቢተካስ? ግማሹን ክፍል አንዱን ወገን፣ ግማሹን ሌላውን እንዲከራከር አድርጊ። ያኔ «እስማማለሁ» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ ምክንያት ማምጣት ግድ ነው።

ካሜራውን በነጥብ አታስገድጂ። እዚህ ላይ ቁርጥ አድርጌ ነው የምነግርሽ። በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ፍራንክ ካስቴሊና ማርክ ሳርቫሪ እ.ኤ.አ. በ2021 ያሳተሙት ጥናት ተማሪዎች ለምን ካሜራ እንደማያበሩ ጠይቆ ነበር። በመልኬ አፍራለሁ የሚለው ከተጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው ነው። ከኋላዬ ያለው ሰው ወይም ቦታ ይታያል፣ ኢንተርኔቴ ደካማ ነው ያሉም ነበሩ። ነጥብ ስትቀንሺ የምትቀጪው እንግዲህ ማንን ነው? ክፍል የሚጋራውን፣ ዳታው የሚያልቅበትን፣ በራሱ የማይተማመነውን። በዚያው ዓመት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ጄረሚ ቤይለንሰን ስለ ቪዲዮ ስብሰባ ድካም ሲጽፉ ለረጅም ጊዜ የራስን ፊት እያዩ መቀመጥ አድካሚ መሆኑን አንስተዋል። ለተማሪዎችሽ የራሳቸውን ምስል ከራሳቸው ስክሪን ላይ መደበቅ እንደሚችሉ አሳያቸው። ይህን የማያውቁ ይኖራሉ፤ ካወቁ በኋላ ካሜራቸውን በፈቃዳቸው ሊያበሩ ይችላሉ። አንቺ ግን የራስሽን ሁልጊዜ አብሪ።

ፊታቸውን ማየት የፈለግሽው ለምን ነበር? ራስሽ ጽፈሽዋል። ግር ሲላቸው ለማወቅ ነው። እሱን ያለ ካሜራም ማወቅ ይቻላል።

«ገባችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ተዪው። አልገባኝም ብሎ በ37 ሰው ፊት ማይክ የሚከፍት ተማሪ ጥቂት ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው ያደጉ ልጆች ናቸው። በሱ ፈንታ ሁለት የሂሳብ ምዝገባ ስክሪን ላይ አሳያቸውና «አንዱ ስህተት ነው። የትኛው ነው? ለምን? ቻት ላይ ጻፉ፤ ግን እኔ ላኩ ሳልል ማንም እንዳይልክ» በያቸው። አንድ ደቂቃ ስጫቸው። ከዚያ «ላኩ!» ስትያቸው ሠላሳ ምናምን መልስ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ማንም የማንንም አላየም። የተሳሳተውም ብቻውን አይደለም። አንቺም ማን የት ጋ እንደተቸገረ ባንድ እይታ ታውቂያለሽ። ይህ ክፍል ውስጥ ሆነሽ እንኳ የማታገኚው ነገር ነው።

ስትጠይቂም ዝምታውን አትፍሪው። ሜሪ ባድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ የመማሪያ ክፍሎችን ድምፅ ቀርጸው ሲያዳምጡ አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኙት። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፤ የሚናገሩትም በረከቱ። ያ ሰው ለሰው እየተያየ ነው። በዙም ደግሞ ተማሪው ማሰብ አለበት፣ ድፍረት ማግኘት አለበት፣ ማይኩን ፈልጎ መክፈት አለበት፣ ድምፁም ዘግይቶ ነው የሚደርስሽ። በልብሽ እስከ አስር ቁጠሪ። ቀድመሽም «አሁን ለማሰብ ጊዜ ልስጣችሁ» ብለሽ ንገሪያቸው፤ ዝምታው ለእነሱም ለአንቺም ቀለል ይላል።

በር ላይ ከበው የሚጠይቁሽ ልጆች ናፍቀውሻል። ገባኝ። እንግዲያው በር ሥሪላቸው። ዙሙን ከትምህርቱ 15 ደቂቃ ቀደም ብለሽ ክፈቺ፤ ሲያልቅም ወዲያው አትዝጊው። «ትምህርቱ አልቋል፤ ቀረጻውን አጥፍቻለሁ፤ መሄድ የሚፈልግ ይሂድ። እኔ ለ15 ደቂቃ እዚህ ነኝ» በዪ። ቀረጻው መጥፋቱን መንገርሽ ትልቅ ነገር ነው። ተቀርጾ የሚቀመጥ የሞኝ ጥያቄ ማን ይጠይቃል? በመጀመሪያው ሳምንት ማንም ላይቀር ይችላል። ተስፋ ቆርጠሽ አትተዪው። ሁለት ልጅ ከቀረ ወሬው ለሌሎቹ ይደርሳል፤ ግሩፕ አላቸው አይደል?

ግሩፑን ካነሳን ዘንድ፣ አትግቢ እልሻለሁ። አስገቡኝም አትበያቸው። አስተማሪ የሌለበት ቦታ ለተማሪ ያስፈልገዋል፤ የሚያማርርበት፣ የሚቀልድበት፣ «ኧረ እኔስ ምንም አልገባኝም» የሚልበት። አንቺ የገባሽ ቀን እነሱ ሌላ ይከፍታሉ፤ ያኛው ደግሞ ዝም ይላል። ያየሽውን መረዳዳት በደስታ ተቀበዪው። ተማሪዎችሽ እርስ በርስ ተገናኝተዋል። በኦንላይን ኮርስ ይህን ማግኘት ቀላል አይደለም። ምናልባት የሚያሳስብሽ ግሩፑ ውስጥ ያልገቡት ናቸው። የወጣው ልጅ ግሩፑ ውስጥ ነበር ወይ? ብታውቂ ደግ ነው። ስለ ስክሪንሾቱ ለማንም አታንሺ፤ ማን እንደጻፈውም አታጣሪ። የላከችልሽ ልጅ እስካሁን በፍርሃት ሳትሳቀቅ አልቀረችም። ለእሷ «አይዞሽ፣ ምንም ችግር የለም» ብትያት መልካም ነው።

ከግሩፑ ጋር ድልድይ ግን መሥራት ትችያለሽ። የክፍሉን ተወካይ «በመካከላችሁ ጠያይቃችሁ መልስ ያጣችሁለት ነገር ካለ፣ ማን እንደጠየቀ ሳትነግረኝ በየሳምንቱ ላክልኝ» በዪው። በሚመጣው ሳምንት ትምህርትሽን ከዚያ ጥያቄ ጀምሪ። መልስ ይቀዳዱበታል ብለሽ ከሰጋሽ ደግሞ መፍትሔው አሳይመንቱ ላይ ነው። ለእያንዳንዱ የተለያየ ቁጥር ስጪ፤ ወይም ራሱ የመረጠውን አንድ አነስተኛ ንግድ ሂሳብ እንዲሠራ አድርጊ። ያኔ ስለ አሠራሩ መጠያየቃቸው ይጠቅማቸዋል እንጂ አይጎዳም።

የትኛውም ግሩፕ ውስጥ ላልገቡት ስትይ ቋሚ ትናንሽ ቡድኖች መሥርቺ። አምስት አምስት ሰው፣ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ የማይቀያየር። በየሳምንቱ አዲስ ሰው ጋ ከተመደቡ ትውውቁ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። በዙም ላይም እነዚሁ ቡድኖች በየክፍላቸው ገብተው አንድ ነገር ሠርተው ይውጡ። አምስት ሰው ጋ ካሜራ ማብራት ከ38 ሰው ፊት ይቀላል። የመጀመሪያውን ሥራ ቀላል አድርጊው፤ ግን አንዱ ያለሌላው የማይጨርሰው ይሁን። ለምሳሌ ለእያንዳንዱ አባል የአንድ ድርጅትን መረጃ ከፋፍለሽ ስጪ፤ ለአንዱ የሽያጭ፣ ለሌላው የዕዳ፣ ለሌላው የንብረት። ሳይነጋገሩ ሂሳቡ አይመዛዘንም።

ስለ ቪዲዮዎቹ ብዙ አልልም። ፊሊፕ ጉዎ፣ ጁሆ ኪምና ሮብ ሩቢን እ.ኤ.አ. በ2014 ኤድኤክስ በተባለው፣ ለማንም ክፍት በሆነ የኦንላይን ትምህርት መድረክ ኮርሶች ላይ 6.9 ሚሊዮን ቪዲዮ የማየት ድርጊት መርምረው ነበር። ቪዲዮው የቱንም ያህል ቢረዝም ተመልካቹ በአብዛኛው የሚቆየው ቢበዛ ስድስት ደቂቃ ያህል ሆኖ ተገኘ። አስተማሪው በቢሮው ጠረጴዛ ተቀምጦ የሚያስረዳበት ቀለል ያለ ቀረጻም በውድ ስቱዲዮ ከተሠራው ይልቅ ተመልካች ይይዝ ነበር። እነዚያ ክፍት ኮርሶች ናቸው፤ ያንቺዎቹ ፈተና ስላለባቸው ትንሽ ሊታገሡ ይችላሉ። ቢሆንም የ50 ደቂቃውን በየርዕሱ ቆራርጪው። ቃል ስትሳሳቺም «ይቅርታ፣ ዴቢት ማለቴ ነው» ብለሽ እለፊ። ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው።

በትርፉ ጊዜሽ በየሳምንቱ መጀመሪያ ሦስት ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ በስልክሽ ቅረጪ። ኔት ለሚቸግራቸው የድምፅ መልእክትም ይሆናል። ያለፈው ሳምንት አሳይመንት ላይ ብዙዎቻችሁ የት ጋ ተሳሳታችሁ፣ ማን ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ፣ በዚህ ሳምንት የሚከብደው የቱ ነው። ይህ ቪዲዮ ለሚቀጥለው ዓመት ተማሪ አያገለግልም፤ አያገልግልም። ለእነዚህ 38 ልጆች፣ ለዚህ ሳምንት ብቻ የተሠራ መሆኑን ሲያዩ በሕይወት አለች ወይ የሚለው ጥያቄ ራሱን በራሱ ይመልሳል።

ባለቤትሽ ያለውንም አልረሳሁትም። የሌሊቱን መልእክት አቁሚ። ስልክሽን ስትተኚ ድምፁን አጥፊ። ለተማሪዎችሽ በግልጽ ጻፊላቸው፤ በግል ለሚላክልኝ መልእክት በሥራ ቀናት በ24 ሰዓት ውስጥ እመልሳለሁ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ግን አልመልስም ብለሽ። መልስ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ ተማሪ አይጨነቅም። የሚያስጨንቀው አለማወቁ ነው። ለባለቤትሽም ይህንኑ ሰዓት ንገሪው።

ልተወው ወይ ላልሽኝ፣ እኔ ልወስንልሽ አልችልም። አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። የናፈቀሽ ማስተማሩ ነው ወይስ ክፍሉ? ክፍሉ ከሆነ፣ ሰሌዳውና ሰው ፊት መቆሙ ከሆነ፣ ወደዚያ የሚመልስሽን መንገድ መፈለግ ነውር የለውም። የናፈቀሽ ሰውን ማስተማሩ ከሆነ ግን ገና አልሞከርሽውም፤ እስካሁን ስትታገዪ የነበረው ከካሜራና ከቪዲዮ ጋር ነው።

በዚህ መሃል አትወስኚ። ሁሉንም ባንዴ አትጀምሪ፤ ይደክምሻል። በዚህ ሳምንት ለልጁ ጻፊ፣ የሌሊቱን ስልክ አጥፊ፣ ከትምህርት በኋላ 15 ደቂቃ ቆዪ። የአምስት ተማሪውን መልእክትና ቡድኖቹን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሪ። ከወር በኋላ ስም የማይጻፍበት አጭር መጠይቅ ላኪላቸው። በዚህ ኮርስ እየረዳህ ያለው ምንድን ነው? እያስቸገረህ ያለውስ? በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ነገር ብቻ መቀየር ብችል ምን ልቀይርልህ? ሲመልሱ ከጠየቁት ቢያንስ አንዱን ወዲያው ቀይሪና «ይህን ያደረግኩት እናንተ ስላላችሁ ነው» በያቸው።

የመልሶቹን ጭምቅ ሐሳብ ይዘሽ ክፍል ኃላፊሽን አነጋግሪ። 38 ተማሪ በአንድ የዙም ክፍለ ጊዜ መምራት ለማንም ይከብዳል። 19 እና 19 አድርገሽ በሁለት የተለያየ ሰዓት መክፈል ይቻል እንደሆነ፣ ካልሆነም አሳይመንት በማረም የሚያግዝሽ ሰው ይመደብልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ስትጠይቂ ስለ ድካምሽ ብቻ አታውሪ፤ ያቋረጠውን ልጅ ስም ሳትጠሪ የጻፈልሽን አንብቢላቸው።